አራተኛው ካንዴሌታ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ፒክአፗ ዛሬም አልተነሳችም። ሦስት ተሸካሚዎች ለምኜ አስገፋሁ። አንዱ፣ «እትዬ፣ ይቺ መኪና ናት ጋሪ?» አለኝ። ሳቁ። እኔም አብሬ ገፋሁ፤ በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ። ልጄ አልማዝ መሪ ላይ ነበረች። ሞተሩ የተነሳው ወደ አብነት የሚወስደው ቁልቁለት ግማሽ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደምሴ መጣ። የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የፒክአፗ ሊብሬ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ እሱ ዘንድ ነው፤ «ለጥንቃቄ» ብሎ ወስዶት ቀረ። አሁን ደግሞ ሶማሌ ተራ በታትኖ የሚሸጣት ገዢ አግኝቷል። «እትዬ፣ ሞታለች እኮ። ሬሳ ስትገፊ ልትኖሪ ነው?» አለኝ።

እኔና አልማዝ የከሰል ምድጃ ጭነን ገጠር ገበያ የምናደርሰው በእሷ ነው። እሷ ከሄደች የምንበላው የለም። እሑድ ጠዋት ና አልኩት። ማንም ሳይገፋት ከተነሳች ሊብሬውን ትመልሳለህ፤ ካልተነሳች ውሰዳት። አልማዝ ፊቷ ጠቆረ። ቃል ግን ወጣ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ከድር የሚባል መለዋወጫ ሻጭ አስረዳኝ። ናፍጣ መኪና በብርድ የሚነሳው፣ ሞተሩ ላይ የተሰኩ ጣት የሚያህሉ አራት ብረቶች ቀድመው ግለው ሲያሞቁት ነው። ካንዴሌታ ይባላሉ። ከተቃጠሉ መግፋት ነው። አንዱን በሽቦ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ አሳየኝ። ጫፉ እንደ ፍም ቀላ። ያምራል።

«መካኒኩን ይላኩትና እነግረዋለሁ» አለኝ። ፊትህ ቆሟል አልኩት። ጸጉሬን አየ፣ እጄን አየ፣ ሳቁን ዋጠ። አራት ገዛሁ። የነገረኝን እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፦

– የቆዩት ዝገው ተጣብቀዋል፤ በጉልበት አይነኩም
– ሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ ግርጌያቸው ላይ ዘይት ማንጠባጠብ
– ሞተሩ ሞቅ ሲል መፍታት
– አንዱ ተሰብሮ ከቀረ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ መውረድ አለበት

ቴስታታ ከወረደ እሑድ አይደርስም። አበቃ ማለት ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አራት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ሟቹ፣ «ተምረሽ ሚኒስትር ልትሆኚ ነው?» ይለኝ ነበር። አልሆንኩም። የተነገረኝን ግን አልረሳም፤ ማንም አይክደኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ዘይት። ጠዋት። ማታ።

የግቢው ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። ጎረቤታችን ጋሼ ሽፋ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ «ብርቄ፣ በጠብታ ነው እንዴ የምታክሚያት? ሐኪም ቤት አስተኚያት!» አሉኝ። እርስዎ መጀመሪያ ጉልበትዎን ይታከሙ አልኳቸው።

ሟቹ የሞተሩን ክዳን ሲከፍት አያስጠጋኝም ነበር። «ዞር በይ፣ ብርሃን ጋረድሽ!» ለመግፋት ግን እፈለጋለሁ። አስር ዓመት ክረምት ከበጋ ገፍቻለሁ። አንድ ቀን «ደከመሽ ወይ?» አላለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ፤ ጭሱ ዓይኔን ጨረሰው። በዚያው ጭስ ውስጥ ደምሴ ገዢውን አስከትሎ ከተፍ አለ። ሰውየው ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። እሑድ ብያለሁ አልኩ፤ ዘይቱን እንደያዝኩ። «ለማየት ብቻ ነው እትዬ» አለ ደምሴ። ከዚያ ክፍቱን ሞተር አየ። ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላው ጥግ አየ። ሰውየውን ጎትቶ ወጣ። ምን እንደታየው እንጃ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ዘይት ብቻ። ትከሻዬን አመመኝ። አንዱ ቢሰበርስ? ዛሬ ምንም አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

አስገፍተን አስነሳናት። እስክትሞቅ ጠብቀን አጠፋናት። አልማዝ ባትሪውን ፈታች።

አንደኛው ለቀቀ። ሁለተኛው ለቀቀ። ሦስተኛው ጮኸ። ትንሽ ወደ ማጥበቅ መለስኩት፣ ዘይት ጨመርኩ፣ ትንሽ ወደ መፍታት። እንደገና። አንድ ሰዓት ሙሉ። ወጣ! ሳይሰበር። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለዚህ ደብተር አልዋሽም።

አራተኛው ከኋላ ጥግ፣ ከቧንቧ ሥር ነው። አልማዝ ቅባቱን ስትጠርገው ካንዴሌታ አይደለም። ብሎን ነው። ተራ ብሎን፣ ቀዳዳውን የደፈነ። የኤሌክትሪክ ሽቦውም እዚያ አይደርስም፤ ከሦስተኛው ላይ ተቆርጧል።

አስር ዓመት የገፋሁት ለዚህ!

ሟቹን ሰደብኩት። ጮክ ብዬ። ጋሼ ሽፋ ለመስማት ሬዲዮናቸውን ቀነሱ። ከዚያ አራቱንም አዲስ ገጠምን፤ መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ በቁልፍ፣ ሳናበዛ። አልማዝ ለአራተኛው ሽቦ ቀጠለችለት። ብሎኑን ኪሴ ከተትኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደምሴ በአስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ደረሰ። ገዢው አልመጣም።

ዛሬ ቁልፉን እኔ ነኝ የማዞረው አልኳት አልማዝን። መንዳት አልችልም፤ ይህን ግን እችላለሁ። ግማሽ አዞርኩና ካንዴሌታዎቹ እስኪግሉ መቁጠር ጀመርኩ። ጋሼ ሽፋ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? አስነሺ እንጂ!» ይላሉ። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ።

አንዴ አስነጠሰች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ተነሳች። የነካት ሰው የለም።

ወርጄ ብሎኑን ደምሴ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት። አላዞረውም፣ አልጠየቀኝም። አወቀው። «አንዱ ሲቃጠል ምትክ ጠፍቶ ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «እኔና ወንድሜ ነን የገጠምነው። ለአንድ ሳምንት ብለን ነበር፣ እትዬ።»

ሊብሬውስ? አልኩት።

«በዚህ ሳምንት አመጣዋለሁ።»

የእነሱን ሳምንት አውቀዋለሁ። ነገ በአስራ ሁለት ሰዓት ከአልማዝ ጋር ደጁ ላይ ነን። ዛሬ ለመግፋት እንዲመች ብለን ቁልቁለቱ ላይ አላቆምናትም፤ ሜዳው ላይ ናት።

ብቻ ነገም ትነሳ።