የሁለታችሁ አፍንጫ

ለውድ እህቴ ሪሃና፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንደምን ነው? የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የምትሠሪበት የውበት ሳሎን ሰዎችስ ደህና ናቸው ወይ? ስልክ ብደውል አላነሳ አልሽ፤ እኔም ይህንን ጽፌ፣ ወደዚያ ለሚመለሰው ለአክስታችን ልጅ ለአሕመድ ሰጠሁት። እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም።

መንታሽ ኡሙልኸይር በክረምት የአባባን ጀልባ ስታስር ማዕበል ገፍቶት፣ ፊቷ በጀልባውና በድንጋዩ መካከል መያዙን ሰምተሻል። ያልነገርንሽ አፍንጫዋ ተጨፍልቆ መቅረቱን ነው። የምትተነፍሰው በአፏ ነው። ገበያም ስትወጣ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ነው። አሁን ከአዲስ አበባ የፊት ቀዶ ጥገና ሐኪም መጥቶ፣ ረመዳን ሳይገባ እሠራላታለሁ ብሏል። ከዚያ በኋላ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ አላህ ይወቅ።

ሐኪሙ የቀድሞ ፊቷን በፎቶ አምጡ አለን። ከየት ይምጣ! አባባ ምስል ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም ብለው አንድም እንዳላስቀመጡልን ታውቂያለሽ። ስልኳም ያን ቀን ጣና ገብቶ ቀረ። የመታወቂያዋ ፎቶ የሚያሳየው ፊት ለፊቷን ብቻ ነው፤ እሱ የጎኗንም ይፈልጋል። መንታ እህት አለቻት ብዬ አንቺ በቴሌግራም የላክሻቸውን ፎቶዎች አሳየሁት። አየት አደረገና፣ ይኼ የስልክ ውበት ነው፣ በዚህ አልሠራም አለኝ። እፍረቴን አትጠይቂኝ!

ጎረቤቱ ደግሞ ከተሠራ አይቀር ሰልካካ ይሁንላት ይላል። ሐኪሙን ብጠይቀው፣ መልክ የሚያምረው አንዱ ከሌላው ሲስማማ ነው፤ ሰልካካ አፍንጫ በእሷ ሰፊ ጉንጭ ላይ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል አለ። ልቤ አመነው።

እንግዲህ ሪሃና፣ ሆዴን የሚበላኝን ልናገር። ሰው አፍንጫዋን አሠርታለች ይልሻል። አሕመድን ብጠይቀው ዐይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ እሷን ጠይቂያት አለኝ። ወላሂ ተናድጃለሁ! ያ አፍንጫ ምን አደረገሽ? የእናታችን አይደለም እንዴ? ግን ቁጣዬን ልዋጠው፣ ጊዜው አይደለም። ካላሠራሽው ሳትቀባቢ፣ በስልክ ሳታሳምሪ፣ ፊት ለፊትና በጎን ፎቶ ተነስተሽ ቶሎ ላኪ። አሠርተሽው ከሆነም እውነቱን ንገሪኝ፤ ከመሠራቱ በፊት ያነሱሽ ፎቶ ሐኪሞችሽ ዘንድ አይጠፋም። እሱን ለምነሽ አምጪ።

አባባ መርቀውሻል። እማማ ወሬውን አልሰሙም፤ ጉንጯን ስሜያለሁ በይልኝ ብለዋል። ባለቤቴ ቡርሀንም ሰላም ብሎሻል። ኡሙልኸይር ግን ከእኔ ጋር ተኳርፋለች። የእሷን ሰላምታ እንዳለችው ጻፍሁልሽ፦ «የድሮውን አልፈልግም። ዛሬ የያዝሽውን ፊት ላኪልኝ፣ እሱን አሠራለሁ። በአገር ተለያየን፤ በመልክም ተለያይተን አንቀርም።» ምን ብዬ ልመልስላት? እንግዲህ አስቢበት፤ የምትልኪው ፊት ዕድሜ ልኳን የምትኖርበት ነው።

እህትሽ መዲና
ባሕር ዳር፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.