ሦስት ጊዜ የሰረዝኩት ትኬት

ለክፉ ቀን ወዳጄ፣

እንዴት ነህልኝ? ያ አጎንብሰህ ስትሰፋ የሚይዝህ ወገብህስ ተሻለው? ልጅህና የልጅ ልጆችህ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ዓይኔ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት አሁን አሁን ጎረቤት እጠራለሁ፤ ሳቅብኝ፣ ተፈቅዶልሃል። ሱቁም እንዳለ ነው። ጠረጴዛችን መሀል ያሰመርናት የጠመኔ መስመር፣ ያንተን ወገን ከእኔ ወገን የምትለየዋ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላጠፋኋትም።

ይህን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ቆይ፣ አትቅደደው። ስለ አንዲት ሴት ልነግርህ ነው። ኧረ እንደምታስበው አይደለም! የአውሮፕላን ትኬት የምትሸጥ ሴት ናት።

ከሱቃችን አለፍ ብሎ፣ ፋርማሲው አጠገብ ያለው የአየር መንገዱ ትኬት ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሬ የት ገባ የምትል ዓይነት ናት፤ የትኬት ሕግ ስታስረዳ ግን አፍህን ከፍተህ ነው የምትሰማት። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አንተ ወዳለህበት ከተማ መሄድ እፈልጋለሁ አልኳት። ርካሹን ነው ውዱን አለችኝ። ታውቀኝ የለ፣ ርካሽ ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። እሷ ግን አልቸኮለችም፤ ወረቀት አውጥታ እየጻፈች ነገረችኝ። ርካሹ ከተሰረዘ የአየር ማረፊያ ክፍያው ብቻ እንጂ ዋጋው አይመለስም። ውዱ ግን ከበረራው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከተሰረዘ ሙሉ ገንዘቡ፣ በተከፈለበት መንገድ ተመልሶ ይመጣል። ሳይሰርዙ ዝም ብሎ መቅረት ሁለቱንም ያስበላል፤ ለሌላ ሰው ማዛወርም አይቻልም አለችኝ። እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚያስረዳ ሰው ካንተ ወዲህ አላየሁም። አንተም ለደንበኛ ስለ ጨርቅ ስትነግር እንደዚያ ነበርክ።

ውዱን ገዛሁ። ለምን እንደሆነ ሳልነግርህ ይገባሃል። በዋዜማው ፈራሁና ሄጄ አሰረዝኩት። በዓመቱ ደግሜ ገዛሁ፣ በዋዜማው አሰረዝኩት። ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። አንድም ቀን ፊቷ አልከፋብኝም፣ አንድም ቀን አላሾፈችብኝም። በሦስተኛው ብቻ ወረቀቱን እያስፈረመችኝ እዚያ ከተማ ማን አለዎት አለችኝ። ወንድም አለኝ አልኳት። ልክ ነኝ አይደል?

ባለፈው ወር ለአራተኛ ጊዜ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ውዱን ልትፈልግልኝ ስትል፣ የለም፣ ዘንድሮ ገንዘቡ የማይመለሰውን ስጪኝ አልኳት። ሕጉን ረሱት እንዴ አለችኝ። አልረሳሁም፣ እሱን ብዬ ነው አልኳት። እሷም ገባትና ፈገግ አለች፤ አንጀቴን አራሰችው። በቃ፣ ከእንግዲህ መሸሻ የለኝም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ጉድ እኮ ነው! ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። የጠዋቱ በረራ ወደ ከሰዓት ተዛውሯል ይላል። ከሥሩ ተቀብያለሁ እና አልተቀበልኩም የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። ምኑንም ሳልነካ ይዤላት ሮጥኩ። አነበበችውና፣ ሰዓቱን የለወጥነው እኛ ስለሆንን የርስዎ ርካሹም ቢሆን ሙሉ ገንዘብዎ ይመለሳል፤ አንዴ ተቀብያለሁ ካሉ ግን በዚህ ምክንያት መጠየቅ አይችሉም አለችኝ። ባልደረባዋ በክርኗ ጎሸም ስታደርጋት አይቻለሁ። ዝም ብትል እኮ ማን ያውቅባታል? የገዛ መሥሪያ ቤቷን የሚጎዳ እውነት ነው፤ እሷ ግን እንደ ዋዛ ተናገረችው።

መሸሻው እንደገና ተከፈተልኝ፣ ያውም በሕግ! ዓይኔ ላይ የመጣው ግን የዚያ የሙሽራው ኮት ነው። እጅጌው አራት ጣት አጥሮ፣ ሰውዬው ሱቃችን በር ላይ ሰፈሩን ሲያደባልቀው፣ አንተ አንገትህን ደፍተህ ጥፋቱ የእኔ ነው አልክ። በወሩ ዕቃህን ሸክፈህ ልጅህ ጋ ሄድክ። እኔም ዝም ያልኩት የሱቁ ስም እንዳይጠፋ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ።

ያ ቁራጭ እጅጌ ከኮቱ ተፈትቶ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። መቀሱ በየት በኩል እንደገባ ትናንት ሥራ የጀመረ ልብስ ሰፊ እንኳ አይቶ ያውቀዋል። አንተ ግራኝ ነህ፤ እኔ በቀኜ ነው የምቆርጠው። ከዚህ በላይ አታናግረኝ። አንተም ያኔውኑ አይተኸዋል፤ አይተህ ነው አንገትህን የደፋኸው። አቤት፣ እንዴት ያለህ ሰው ነህ! በሰው ፊት ላወድስህ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ወሬውን ወደ ሌላ አዙሬዋለሁ መሰለህ። አፈርኩ፣ ወዳጄ። በራሴ አፈርኩ።

ስልኩን አወጣሁና እዚያው ፊቷ ተቀብያለሁ የሚለውን ነካሁት። እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሻንጣ ወሬ ገባች። ጥለኸው የሄድከውን የግራ እጅ መቀስህን ዘይት ቀብቼ ጠቅልዬልሃለሁ፤ ስነግራት በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጅ አይያዝም አለችኝ። ቁራጩን እጅጌ ግን በእጄ ይዤው ነው የምገባው። እሱን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ጠይቄያታለሁ።

እንግዲህ የፊታችን ሐሙስ አመሻሽ ላይ እደርሳለሁ። ለመውጣት ስነሳ የሚቀበልዎት ሰው አለ ወይ አለችኝ።

አለ አልኳት። አደራህን፣ እንዳታስዋሸኝ።

እጅህ አይዛል፣ ዓይንህ የመርፌ ቀዳዳ አይሳተው፣ ልጆችህ ጥላ ይሁኑህ።

ከጠመኔዋ መስመር ወዲህ ያለሁት ወንድምህ