ለ«ወደ ለቅሶ ቤት» ጎዳና ሰያሚዎች የቀረበ ምስጋና

ለ«ቀና ጎዳና» የመኪና ካርታ ማደሻ ድርጅት ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? እኔ፣ ባለቤቴ አይናለምና ልጃችን ሰርክ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን አስቀድሜ ማሳወቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዲሱ ካርታዎ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ጋር ስላልተስማማ ነው። ረዳ ጉደታ እባላለሁ፤ ቀበና ወንዝ ዳር የምኖር የአማርኛ መምህር ነኝ። ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. አምና ጎረቤታችን አቶ ከበበ ሲያርፉ እድራችን እንደ ደንቡ ድንኳን ተከለ፤ እንግዳ እንዳይንከራተትም መታጠፊያው ላይ «ወደ ለቅሶ ቤት» የሚል ካርቶን ከነቀስቱ ሰቀለ። ድንኳኑ ተነሣ፣ ካርቶኑን ግን ማንም አላስታወሰውም። ትጉሃን ሠራተኞችዎ ጣሪያዋ ላይ ካሜራ በተተከለባት መኪና መጥተው፣ ሳይወርዱ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቁ፣ የመንገዳችንን ስም ከካርቶኑ ላይ ገለበጡ። መንገዱ የሚያልቀው እኔ በር ላይ ስለሆነ ለቅሶ ቤቱም የእኔ ቤት ሆነ። ስም አልባ ሆኖ ለኖረ መንገዳችን ስም ስላወጣችሁለት እጅ እነሣለሁ።

2. መኪና ውስጥ ሆኖ መንገድ በሚመራው መሣሪያችሁ ውስጥ ያሉት እመቤት «ወደ ወደ ለቅሶ ቤት ይታጠፉ» ይላሉ። ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር በ«ወደ» ላይ «ወደ» ሲደረብ ሰምቼ አላውቅም፤ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

3. ባለፈው እሑድ ልጄን ሰርክን ሚሊዮን ለሚባል ወጣት ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከእንጦጦ ማርያም ወደ እኛ ወረዱ። የልጁ አጎት አቶ ሚልኬሳ የመኪናቸውን ካርታ በዚያው ሳምንት አሳድሰው ነበርና፣ መሣሪያው ለቅሶ ቤት መድረሳቸውን ሲያበሥራቸው ክው አሉ። ጨዋ ሰው ሐዘን ላይ ልጅ ስጡኝ አይልም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡና እግዚአብሔር ያጽናችሁ አሉን። እኔም ፊታቸውን አይቼ ከእነሱ ወገን ሰው የሞተ መስሎኝ መልሼ አጽናናኋቸው። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ለሁላችንም ነውር ሆነብን፤ እንግዶቹም አይናለም የደከመችበትን ዶሮ ቀምሰው፣ ስለ ልጄ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ተነሥተው ሄዱ። ጉዱ የታወቀው ሚሊዮን ለሰርክ ደውሎ፣ ሐዘኑ እስኪረግብ ሽምግልናው ይቆይ መባሉን ሲነግራት ነው። ወዲያው አቶ ሚልኬሳ ዘንድ ደውዬ ማንም አልሞተብንም ብላቸው፣ ሐዘኑ አእምሮዬን የነካው መስሏቸው አለቀሱልኝ። ለእንዲህ ያለ አዛኝ ዘመድ ስላበቃችሁኝም ተመስገን ነው።

4. ቢሮዎ ደውዬ ነበር። ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ማስተካከያው በሚቀጥለው እድሳት እንደሚታይ፣ እስከዚያው ግን ከቤተሰባችን ማንም አለመሞቱን የሚገልጽ ማስረጃ ከወረዳ እንዳመጣ ነገሩኝ። ወረዳው ደግሞ የሞተ ሰው ስም ካልተጠቀሰ አለመሞቱን ማረጋገጥ እንደማይችል አስረድቶኛል። በእውነት ተናባችሁ ትሠራላችሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሰርክ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። እናቷ እሷን አይታ አለቀሰች። እኔም አባት ነኝ፣ አብሬያቸው አለቀስኩ። ስለዚህ ካርታዎ በዚያች ሰዓት ፍጹም ትክክል እንደነበር ለመመስከር እገደዳለሁ።

ድርጅትዎን ያስፋልዎ፤ መኪናዎን ከጉድጓድ፣ ደጅዎን ከሠራተኞችዎ ካሜራ ይሰውርልዎ እያልኩ፣ በሕይወት ካለሁበት ከቀበና፣

አክባሪዎ
ረዳ ጉደታ

ማሳሰቢያ፦ አቶ ሚልኬሳ የካርታውን ስሕተት ከካርታው ባለቤት አፍ ካልሰሙ እንደማያምኑ ቁርጡን ነግረውኛል። ስለዚህ በመጪው እሑድ እርስዎ ራስዎ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበው፣ ማንም እንዳልሞተብኝ እንዲመሰክሩልኝና ልጄን እንዲያስጠይቁልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ቀበና ድልድይ ሲደርሱ ያገኙትን ሰው የመምህር ረዳን ቤት ቢጠይቁ እጅዎን ይዞ ያደርስዎታል። በመሣሪያዎ ከመጡ ግን እያለቀሱ ይግቡ፤ የአገር ደንብ ነው።