በሱቃችን ፊት የተቆረጠው ዛፍ

ልጄ ጉቱ፣ አላህ በሰው አገር ከብርድም ከክፉም ይሸሽግህ። እኔና አባትህ፣ ምስጋና ለእሱ ይሁንና፣ አለን። በቆጂ ያለችው እህትህ ኢፍቱ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ገብሱም ዘንድሮ አይከፋም።

ከጀርመን በሰው የላክኸው፣ ስሙን አፌ እምቢ ያለው ችግኝ ግን አልሆነልንም። አባትህ ሱቁ ፊት፣ መንገድ ዳር ተክለው፣ ከፍየል በእሾህ አጥረው አሳድገውት ቁመታቸውን አልፎ ነበር። በኅዳር ቅጠሉ ሲረግፍ ሰው ሁሉ ደረቀ አለ። እሳቸው ግን «ልጄ ቅጠል ሳይኖረው በብርድ ያብባል ብሎኛል» እያሉ ውሃ ማጠጣቱን አልተዉም።

ባለፈው ሳምንት እንግዳ ይመጣል ተብሎ መንገድ የሚያጸዱ ሰዎች መጡ። አለቃቸው «ይህ ደረቅ እንጨት ይነሳ» አለ።

አባትህ «ጌታዬ፣ አልደረቀም፤ እንቡጡን እዩት» ብለው ለመኑት። እኔም ልጡን በጥፍሬ ፍቄ እርጥቡን አሳየሁት።

«እማማ፣ እኔም ታዝዤ ነው» አለና አስቆረጠው። ምን አቅም አለን? ቆመን አየን።

ቅርንጫፎቹን ሰብስቤ ውሃ ውስጥ አቆምኳቸው። ዛሬ ጠዋት አበቡ፤ እንደ ክር የቀጠነ ቢጫ አበባ። አባትህ አዩትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ከጉቶው ዳግም ይበቅል ይሆን?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ምን አውቄ? የሚበቅል ከሆነ ቶሎ ጻፍልን። ደብዳቤህን የጎረቤታችን ልጅ አይናለም ጮክ ብላ ነው የምታነብልን፤ እሳቸውም ይሰማሉ። ስለዚህ የማይበቅል ከሆነ ስለ ዛፉ ምንም አታንሳ። ዝም ካልክ እኔ ይገባኛል።

አላህ ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

እናትህ ሀጂራ