ጾም የማያስገድፍ መድኃኒት

ለተከበሩ አባቴ ለቄስ ኪዳነወልድ፤ አንኮበር።

አባቴ ሆይ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ? የእጅዎን ነገር ሳልጠይቅ ልለፍ ብል ሆዴ አላስቻለኝም፤ እንዴት ሰነበተ? እኔ፣ ባለቤቴ ጽጌሬዳና ልጆቹ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነን፤ እሱ ይመስገን።

በዐቢይ ጾም ወንድሜን እንደሻውን ያስጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። ችፌው ጣትዎን ሰነጣጥቆ እያደማ ከመቅደስ እንዳስቀረዎት፣ መስቀል ሲያሳልሙም እጅዎን በነጠላ እንደሚሸፍኑ ሰማሁ። የላክሁልዎትን ቅባት ግን በጾም ስብ አልነካም ብለው ለጎረቤት ሰጡት። አልዋሽዎትም፣ ተናደድሁ። አባቴ ግትር ነው ብዬ ለጽጌሬዳ አማሁዎት።

ነገሩ የገባኝ በሐሊማ ነው። ሐሊማ እዚህ ሐረር ሸዋ በር ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት፤ በተሰነጠቀ እጅ በርበሬ መስፈር ምን እንደሚመስል ያስቡት። ፈረስ መጋላ ካለው መድኃኒት ቤታችን የወሰደችውን ያንኑ ቅባት መልሳ አመጣችና፣ ከምን ስብ እንደተሠራ ሳላውቅ ወላሂ አልቀባውም፣ ሐራም ቢሆንስ አለች። አሠሪዬን አቶ አባይነህን ብጠይቃቸው ከውጭ አገር በቆርቆሮ የመጣ ነው፣ እኔም አላውቅ አሉ። እርስዎ አንኮበር፣ እሷ ሐረር ሆናችሁ ከአንድ ቆርቆሮ ጋር ተጣላችሁ።

ስብ የሌለበት ነገር ሳስብ የጾም ተልባችን ትዝ አለኝ። ተልባ ሲፈላ የሚያወጣውን ዝልግልግ አጥልዬ፣ ቁስል የሚያደርቀውን ነጭ የዚንክ ዱቄትና ጥቂት እሬት ጨመርሁበት። የመጀመሪያው በሙቀቱ ሸተተ። በሁለተኛው እሬቱ በዝቶ ሐሊማን አስለቀሳት፤ አላህ ይይልህ ስትለኝ መሬት ብትውጠኝ ወደድሁ። ትመለሳለች ብዬ አልጠበቅሁም። ለማን እንደምደክም ጠይቃኝ ስለ እርስዎ ነግሬአት ነበርና፣ ተመልሳ መጥታ ለቄሱ ከመላክህ በፊት እኔ ላይ ይታይ አለችኝ። እሬቱን ፈጽሞ ተውሁት። አሁን ስንጥቁ ገጥሞላት በርበሬዋን ያለ ጨርቅ ትሰፍራለች። ተነቅሎ ጠፋ አልልዎትም፤ ችፌ ተኝቶ የሚነሣ ነገር ነው።

የተልባው ፍል ስለማይቆይ የዚንኩን ዱቄት ብቻ ወደዚያ በሚመጣው ሾፌር በሙሉጌታ እጅ ልኬአለሁ። እኅቴ በለጡ ተልባውን አፍልታ በንጹሕ ጨርቅ ታጥልለው፤ ሲቀዘቅዝ ለአንድ ስኒ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ትጨምርበት፤ ሽታው ሳይለወጥም ደፍታ ሌላ ታፍላ። ሲቀቡት እንደ ቅባት ሳይወዛ ስለሚደርቅ መድኃኒት ላይመስላት ይችላል፤ ለእርስዎ ሳስታ ከላዩ ቅቤ እንዳትደርብበት አደራ። ፍልሰታም ስለገባ የነፍስ አባቴን ጠይቄአለሁ፤ ተልባ የትኛውን ጾም ያስገድፋል ብለው ሳቁብኝ።

የእናቴን የወይዘሮ ወለተሥላሴን ጉልበት ስሜአለሁ። በለጡንና ልጆቿን በያሉበት ይሳሙልኝ። እንደሻውን ስለ ድካሙ ያመስግኑልኝ። ሐሊማም ዱዓ አደርጋለሁ በልልኝ ብላለች።

በዐቢይ ጾም የመጣውን ደብዳቤ ላዩን ሳየው የእርስዎ ጽሕፈት አለመሆኑን አውቄ፣ ሳልከፍተው ብዙ ቆየሁ። አሁን መልሱን እንደሻውን አያስጽፉት። አንድ መስመር ትሁን፣ ትጣመምም፣ ብቻ በእጅዎ ይጻፉልኝ። ስለ ችፌው ምንም ባይሉኝ ግድ የለም፤ ፊደሉን ሳየው አውቀዋለሁ።

ልጅዎ ለገሠ ኪዳነወልድ
ሐረር፣ ነሐሴ ፪ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.