የብስክሌትሽ ካቴና

ልጄ ሆይ፣ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ደኅና ነን ብዬ ብጽፍ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ።

አባትሽ የጓሮውን አጥር አሳድሷል። ወንድምሽ ግን ዛሬም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። የብስክሌት መጠገኛ ሱቁ እንደተዘጋ ነው፤ ደንበኞቹም መጠየቁን ትተዋል። በየሸንጎው ስናገር የኖርሁ ሴት፣ በልጄ አልጋ አጠገብ ቃል አጣሁ።

ለአእምሮ ሕመምተኞች መርጃ ገንዘብ ለማሰባሰብ ያን ሁሉ መንገድ በብስክሌት ልትጓዢ መነሣትሽን ትናንት ነገርሁት። በእርሱ ምክንያት መሆኑንም አልሸሸግሁትም። ያመጣሁለት ሾርባ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ "እሷ እንደሆነች ካቴና ዘይት መቀባት አታውቅም፤ መንገድ ላይ ነው የምትቀረው" አለኝ። ከስንት ወር በኋላ ድምፁን ሰማሁ። ደስ ብሎኝ ሌላ ነገር ብጠይቀው፣ ተመልሶ ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

ተስፋ አድርጊ አልልሽም፤ እኔም የለኝም። ነገር ግን ስትደውዪ "አይዞህ" አትበዪው፤ ሰልችቶታል። ስለ ካቴናው ጠይቂው። ባይመልስልሽም ስልኩን ጆሮው ላይ ይዤልሽ እቆያለሁ።

የወሰደሽ መንገድ በሰላም ይመልስሽ።

እናትሽ