ባዶዋን የናሙና ዕቃ ስለ መመለስ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም የሆድዎ ነገር እንደ ወትሮው የተስተካከለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ያ ባይስተካከል የሚታከሙት በራስዎ ሆስፒታል መሆኑን ሳስብ ስለ እርስዎ እሰጋለሁና።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ቢሮዎ ደጅ በተመላለስኩ ቁጥር ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና “ስብሰባ ላይ ናቸው” ስለምትለኝ፣ ስብሰባው ባለቀ ጊዜ ከሻይ ጋር የሚያነቡት ነገር እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

ጉዳዩ የታላቅ እህቴ ነው። አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ትኬት ትሸጣለች። የሆድ ድርቀት ከቁርጠት ጋር ከያዛት ዓመት አልፎታል። ሆስፒታልዎ ላደረገላት ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። መጀመሪያ የተቀበሏት ወጣት ሐኪም ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሱ “ማዘር፣ ውሃ ይጠጣሉ?” ብለው ጠየቋት። ብዙም አልጠጣም አለች። “ይጠጡ። አትክልት ይብሉ፣ በእግርዎ ይሂዱ” ብለው አሰናበቷት። ለምን እንደማትጠጣ ባለመጠየቃቸው አመሰግናቸዋለሁ። ቢጠይቁ ኖሮ መጸዳጃው ከትኬት መስኮቷ ማዶ፣ ግቢው ጥግ ላይ መሆኑን፣ መስኮቱን ዘግታ በተነሳች ቁጥር ሰልፈኛው “ሴትዮ፣ ልትተኚ ነው?” እያለ መስታወቱን እንደሚደበድብባት፣ በዚህም የተነሳ ውሃውንም ሌላውንም ጣጣ ቤቷ እስክትገባ ማቆየት እንደለመደች ለመስማት ይገደዱ ነበር፤ የሚቀጥለው ታካሚም ይዘገይባቸው ነበር። ሆዷን በእጃቸው ሳይነኩ መሸኘታቸውም የሚያስመሰግን ነው። እጃቸውን እንኳ መታጠብ ሳያስፈልጋቸው ምሳ ወጡ።

ሁለተኛ። ለቁርጠቱ ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ታዘዘላት። ደሟ ማነሱ ሲታወቅ ደግሞ የብረት ክኒን ተጨመረላት። ሁለቱም ሆድ እንደሚያደርቁ የነገረን ሐኪም የለም፤ ያወቅነው በየካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፋ ከምትመጣው ወረቀት ነው። ድርቀቱ ሲብስ ሌላ ክፍል ሽሮፕ ሰጣት፤ ሽሮፑ ሲቆርጣት የመጀመሪያው ክፍል ማስታገሻውን ከፍ አደረገላት። በአንዲት ሴት ሆድ ላይ አንዱ ክፍል ሲዘጋ ሌላው ሲከፍት፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳይመለከት እንዲህ መጠንቀቁ ሥነ ምግባራችሁን ያሳያል። ደሟ ለምን አነሰ፣ ወዴትስ ሄደ ብሎ የጠየቀ ግን አልተገኘም። እኛም ማስቸገር አልወደድንም።

ሦስተኛ። አንጀቷ በካሜራ እንዲታይላት በለመንን ጊዜ፣ የሰገራ ምርመራ ውጤት ሳይያያዝ ማንም ወደዚያ ክፍል እንደማይላክ ተነገረን። አሠራር መሆኑ ነው። ሰገራ አልወጣ ብሏት የመጣችን ሴት መጀመሪያ ሰገራ አምጪና ለምን አልወጣ እንዳለሽ እናያለን ብሎ የሚመልስ አሠራር ማን እንዳወጣው ባውቅ እጁን በጨበጥኩት ነበር። ላቦራቶሪው ናሙና የሚቀበለው ደግሞ ጠዋት ብቻ ነው፤ ያውም ትኩስ። እህቴ ክዳን ያላትን ያችን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ እየመጣች ስንት ጠዋት መጸዳጃችሁ ውስጥ እንዳማጠች እኔ አልነግርዎትም። ውጭ የቆመው ሰው በሩን ይደበድባል፤ እሷ ላብ በላብ ሆና ባዶ ዕቃ ይዛ ትወጣለች፤ መስኮቱ ላይ ያለችው ባለሙያ “ዛሬም የለም ማዘር? እንግዲህ ሲመጣ ይምጡ” ትላታለች።

በመጨረሻ የደረሰልን አማቼ ነው። የእህቴ ባል መካኒክ ነው፤ በሆድ ነገር ደግሞ ለጋስ ሰው ነው። “በዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል የተጨነቃችሁት?” ብሎ ዕቃዋን ይዞ መጸዳጃ ቤት ገባ፤ ሳይቆይም ወጣ። እህቴ “ወራዳ! አታፍርም?” ብላ ስድብ አወረደችበት። ከዚያ ዕቃዋን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

ላቦራቶሪያችሁ ሥራውን አሳምሮ ሠራ። የአማቼ ሰገራ ውስጥ ጃርዲያ የሚባለው ተውሳክ ተገኘ። ያው ወጣቱ ሐኪምም “ይኸው ማዘር፣ ምክንያቱ ተገኘ!” ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። ካሜራውስ ብትላቸው፣ በሽታው ከታወቀ ወዲያ ካሜራ ምን ያደርጋል አሏት፤ የካሜራው ነገርም በዚያው ተዘጋ። እህቴ የባሏን ተውሳክ መድኃኒት፣ አፏ ብረት ብረት እያላት፣ ምግብ እየዘጋት ዋጠችው። ተውሳኩ እስከ ዛሬ በባለቤቱ ሆድ ውስጥ በሰላም ይኖራል።

አዎ፣ ዋሽተናችኋል። ይሁን እንጂ በዓመቱ ውስጥ አንድ ሐኪም ያቺን ሆድ በእጁ ዳብሶ ቢሆን ኖሮ፣ እንዲህ የደረቀች ሴት እንዲህ ቀጭን ናሙና ከየት አመጣች ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዕቃው ሲደፋ ይፈስ ነበር እኮ፣ ክቡር ዳይሬክተር።

አራተኛውን በምስጋና ማቅረብ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ተራ መጠበቂያችሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ከአግዳሚው በላይ፣ በእርስዎ ፊርማ የወጣ ፖስተር ተለጥፏል። ከሆድ ድርቀት ጋር ደም ከታየ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ደም ማነስ ካለ፣ ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የነበረበት ሰው ካለ ሳይዘገዩ ይመርመሩ ይላል። እህቴ አላነበበችውም፤ የተቀመጠችው ከሥሩ ነው። ቦታ አጥቼ ፊት ለፊቷ ቆሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። የሥራ ቀሚሷ ሰፍቷት ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ደም እንደምታይ የነገረችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። እናታችን የሞተችው በአንጀት ካንሰር ነው፤ የእህቴን ዕድሜ እንኳ አልደረሰችም። እናታችሁ በምን ሞተች ያለን ሰው የለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሆዷን የሚዳብስ እጅ፣ በጣት የሚደረገውን ምርመራ የማይጸየፍ ሐኪም፣ የምትውጠውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስደርድሮ የሚያይ ሰው፣ ለታይሮይድና ለካልሲየም የሚሆን ጥቂት ደም፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ያ ካሜራ። ምናልባት ጥፋቱ የኮዴይኑና የትኬት መስኮቱ ብቻ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ያን ቀን በከንቱ በጮህኩት በእኔ ሳቁ፤ እኔም አብሬያችሁ እስቃለሁ። ሳያዩ ግን አይታወቅም።

እህቴ ተመልሳ መምጣት አትፈልግም። “የባሌን ሰገራ የኔ ነው ብዬ የሰጠሁ ሴት፣ ምን ፊት አለኝና ነው ፊታቸው የምቆመው?” ትላለች። ስለዚህ ውርደቱን እኔ አስቀድሜ ላውጣላት ብዬ ነው ጋዜጣ ላይ የወጣሁት። ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና “በል አውጣው፤ ስሜን ብቻ ተወው” አለች። ሰኞ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ። እርስዎም ስብሰባ አይኖርብዎትም ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያወጣልኝ ጋዜጠኛ አብሮን ሊመጣ ስለፈለገ ነው።

የአሠራርዎ አድናቂ፣ የአግዳሚዎ ደንበኛ፣ የፖስተርዎ ብቸኛ አንባቢ፣
የትኬት ሻጯ ወንድም

ማስታወሻ፦ አንድ ጠዋት ሳይሆንላት ቀርቶ በማግስቱ እንድትሞላ ለእህቴ በትርፍ የተሰጠቻትንና ሳትሞላ የቀረችውን ዕቃ ከዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጋር ለቢሮዎ ልኬያለሁ። ባዶ ናት ብለው እንዳይጥሏት። ከእህቴ ለላቦራቶሪያችሁ የደረሰች እውነተኛ ናሙና እሷ ብቻ ናት።